«ኢንዛይም አንሶኛል»? የትኛው?

ደሴ ላይ ሆዱን የሚነፋው ሰው ድሮ «ጨጓራዬ ነው» ይል ነበር፤ አሁን አሁን «ኢንዛይም አንሶኛል» የሚለው በርክቷል። ነገሩ የመጣው ከስልክ ነው። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «የምግብ መፍጫ ኢንዛይም» የሚል የተለጠፈበት ብልቃጥ የሚያሻሽጡ ሰዎች አሉ፤ ቃር ቢሉ፣ ድርቀት ቢሉ፣ ድካም ቢሉ፣ የፊት ብጉር ቢሉ መልሳቸው ያው ብልቃጥ ነው። ዋጋውም የዋዛ አይደለም።

እንዲህ ለሚለኝ ሰው የምመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ የትኛው ኢንዛይም? ሰውነታችን ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢንዛይሞች አሉ፤ እያንዳንዱ የሚሠራው አንድ ሥራ፣ ቢበዛ ጥቂት ተቀራራቢ ሥራዎችን ነው። የወተት ስኳር የሚፈጨው ሥጋ አይነካም፤ ሥጋ የሚፈጨው ቅቤ አያውቅም። ስሙ ካልተጠራ ጎደለ የተባለውም አይታወቅ፣ መተካት ያለበትም አይታወቅ።

ኢንዛይም ሕይወት ያለው ሴል የሚሠራው፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር ፕሮቲን የሆነ ነገር ነው። ተግባሩ ኬሚካላዊ ለውጥን ማፋጠን ነው። ያለ እሱም ለውጡ ውሎ አድሮ ይመጣ ይሆናል፤ ግን ምሳ እስኪፈጭ ዓመታት የሚጠብቅ ሆድ የለም። ኢንዛይም ሠርቶ አያልቅም፤ አንዱን ሞለኪውል ቆርጦ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ ፈጣኖቹ በአንድ ሴኮንድ ሺዎችን ያዳርሳሉ። የሚይዘው ግን ከቅርጹ ጋር የሚገጥመውን ብቻ ነው። ቅርጹ ሙቀት ሲበዛበት ወይም የአሲዱ መጠን ሲለወጥ ይበላሻል፤ ቅርጹ ከተበላሸ ሥራም የለም። ከዚህ በኋላ የምናወራው ሁሉ፣ የጠላውም የጨጓራውም የባቄላውም፣ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ስታርችን እንውሰድ። የእንጀራው፣ የዳቦው፣ የድንቹ ዋና ነገር እሱ ነው። በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ የግሉኮስ ፍሬዎች እንደ ሙስበሃ የተሰኩበት ረጅም ክር ነው። አንጀት ክሩን እንዳለ ወደ ደም ማሳለፍ አይችልም፤ ፍሬ በፍሬ መለቀም አለበት። የሚገርመው፣ ጎመንና ሣር ውስጥ ያለው ሴሉሎስም ከዚያው ከግሉኮስ ፍሬ የተሠራ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ፍሬዎቹ የተያያዙበት ቋጠሮ ነው፤ ለዚያ ቋጠሮ የሰው ልጅ ኢንዛይም የለውም። በሬና ፍየልም ራሳቸው የላቸውም፤ ሆዳቸው ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚሠሩላቸው። ስለዚህ ሣሩ ለፍየሏ ምሳ ነው፤ ለእኛ የጎመኑ ክር ሳይፈጭ አልፎ ሰገራን የሚያለሰልስ ፋይበር ይሆናል።

የስታርች ለቀማ የሚጀምረው አፍ ውስጥ ነው። ምራቅ ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ስኳር ያልገባበት ዳቦ ጎርሰው ሳይውጡ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢያኝኩት ቀስ እያለ ጣፋጭነት ይመጣል፤ ክሩ ተቆራርጦ ወደ ስኳር ሲለወጥ ምላስ እያወቀችው ነው። በእንጀራ አይሞክሩት፣ ኮምጣጣነቱ ይሸፍነዋል። ቸኩሎ የሚውጥ ሰው ግን ዳቦው አይፈጭለትም ማለት አይደለም። ዋናው የስታርች ሥራ ከታች፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው። ማኘክ የሚጠቅመው ምግቡን አድቅቆ ከታች ለሚጠብቁት ኢንዛይሞች ስለሚያጋልጠው ነው። በረመዳን ፆም ሲፈታ ተምር ቶሎ ነፍስ የሚዘራውም ይህ ለቀማ ስለማይበዛበት ነው፤ የተምር ስኳር አብዛኛው ቀድሞውኑ ነጠላ ፍሬ ስለሆነ ብዙ መቆረጥ አያስፈልገውም።

ሳይንስ አሚሌዝን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ከብቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 አንሴልም ፓየን እና ዣን ፍራንሷ ፐርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን ኬሚስቶች የገብስ ብቅል ከተነከረበት ውሃ በአልኮል አዝቅጠው ያወጡት ነገር ስታርችን ወደ ስኳር ሲለውጥ አዩ፤ ዲያስቴዝም አሉት። ጠላ ለሚጠምቅ ሰው ይህ ወሬ እንግዳ አይሆንበትም። ገብሱ ተነክሮ፣ ተሸፍኖ ሲጎነቁል ዘሩ ለቡቃያው ቀለብ እንዲሆን የራሱን ስታርች የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ያመርታል። ከዚያ ብቅሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል እንጂ ምጣድ ላይ አይወጣም። ምጣድ የሚያየው አሻሮውና እንኩሮው ነው። ጠላ የሚጠምቁ አንዲት ጎረቤቴን ብቅሉንስ አብረው ለምን አይቆሉትም ብዬ ብጠይቃቸው «ብቅል እሳት ካየማ ሞተ በለው ልጄ፤ ጠላው ውሃ ሆኖ ይቀራል» አሉኝ። ልክ ናቸው። የተቆላው እህል ስታርቹን ያዋጣል፤ ያልተቆላው ብቅል ደግሞ ስታርቹን የሚቆርጠውን ኢንዛይም ያመጣል። ብቅሉ ምጣድ ላይ ቢወጣ ኢንዛይሙ ቅርጹን ያጣል፣ ስኳር አይወጣም፣ ስኳር ካልወጣ ደግሞ እርሾው አልኮል የሚያደርገው ነገር አያገኝም።

የብቅል ኢንዛይም ጥቅሙ ለመጠጥ ብቻ አይደለም፤ ጠላ የማይገባበት ቤትም ሊጠቀምበት ይችላል። ለሕፃን የሚሠራ ገንፎ ሲወፍር ልጁ አይውጠውም። በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ትንሿ ሆድ በውሃ ትሞላና ጉልበት የሚሰጠው ነገር ያንሳል። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሚመክሩት መላ አለ። ወፍራሙን ገንፎ አብስሎ ከእሳት ያወርዱታል፤ መፍላቱን አቁሞ ትንሽ በረድ ሲል፣ ገና ትኩስ እንዳለ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል የብቅል ዱቄት ጨምረው ያማስሉታል። በደቂቃዎች ውስጥ ማንኪያ አቁሞ የነበረው ገንፎ መፍሰስ ይጀምራል። ጠብታ ውሃ አልተጨመረበትም፤ ረጃጅሞቹ ክሮች ስለተቆራረጡ ነው የቀጠነው። እህሉ እንዳለ ነው፣ ልጁ ግን ይጠጣዋል። ከዚያ አንድ ጊዜ መልሶ ማፍላት ያስፈልጋል፤ እህል ሲበቅል እርጥበቱ ላይ ጀርም ሊራባ ይችላልና። ሻጋታ የነካው ብቅል ደግሞ ቢፈላም ለልጅ አይሆንም።

ጨጓራ ሌላ ዓለም ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ1.5 እስከ 3.5 ይደርሳል፤ የምራቁ አሚሌዝ እዚህ ሲገባ በአሲዱ ተበላሽቶ ሥራ ያቆማል። ፔፕሲን የሚባለው ኢንዛይም ግን ያለዚህ አሲድ አይነሣም። ሥራው የሥጋውንም የሽሮውንም ፕሮቲን መቆራረጥ ነው። ጨጓራ ራሱ ሥጋ ሆኖ ሳለ ራሱን የማይፈጨው፣ ፔፕሲኑ ከሴሉ የሚወጣው እንደተኛ ስለሆነ ነው፤ የሚነቃው ውጭ አሲዱ ሲያገኘው ብቻ ነው። ግድግዳውም በወፍራም ንፍጥ የተሸፈነ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኦሜፕራዞል ትንሽ ልበል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደ ከረሜላ የሚገዛ የጨጓራ መድኃኒት ሆኗልና። ኦሜፕራዞል የወጣውን አሲድ አያጠፋም፤ አሲዱን ወደ ጨጓራ የሚገፋውን ኢንዛይም ነው የሚያቆመው። ፕሮቶን ፓምፕ ይባላል። ይህ ኢንዛይም በብዛት የሚነሣው ምግብ ሲመጣ ስለሆነ ክኒኑ ከምግብ 30 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ መዋጥ አለበት። ክትፎውን በልቶ ቃሩ ሲነሣበት የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን ለከንቱ እያባከነ ነው። በአንድ ፌስታል ኦሜፕራዞልና «የምግብ መፍጫ ኢንዛይም» ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ሳይ ደግሞ ግራ ይገባኛል፤ አንዱን ኢንዛይም እያስቆመ፣ ምን እንደሆነ ያላወቀውን ሌላ ይጨምራል።

የጨጓራ ባክቴሪያ የምንለው ኤች ፓይሎሪም በዚያ አሲድ ውስጥ የሚኖረው በኢንዛይም ነው። ዩሪየዝ ይባላል፤ በጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ዩሪያ፣ ሰውነት ራሱ ከፕሮቲን የሚያወጣውን ተረፈ ነገር፣ ሰብሮ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያው በባክቴሪያው ዙሪያ ያለውን አሲድ ያረክሳል። ሐኪሞች ለረጅም ዘመን አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም ብለው ደምድመው ነበር። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ፤ ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋርም በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የትንፋሽ ምርመራ የሚባለው የሚፈልገው ይህንኑ ዩሪየዝ ነው። ምልክት የተደረገበት ዩሪያ ይጠጣሉ፤ ባክቴሪያው ካለ ኢንዛይሙ ይሰብረውና ምልክቱ በትንፋሽ ይወጣል። በደም የሚሠራው ምርመራ ግን የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራበትን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ያ ደግሞ ሰውየው ከዳነ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። መድኃኒቱን ጨርሶ «አሁንም ፖዘቲቭ ነኝ» ብሎ በደም ውጤት የሚጨነቅ ሰው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ይጠይቅ።

ዋናው ወፍጮ ቤት ከጨጓራ በታች ነው። ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመው ቆሽት በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት ያፈሳል፤ ስታርች የሚቆርጥ አሚሌዝ፣ ፕሮቲን የሚቆርጥ ትራይፕሲን፣ ቅባት የሚቆርጥ ላይፔዝ ሁሉም አሉበት። ሐሞት ከጉበት መጥቶ ያግዛል። ሐሞት ራሱ ኢንዛይም አይደለም፤ የቅቤውን እንክብል በታትኖ ላይፔዝ እንዲደርስበት ያደርጋል። ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ ቆሽት ግን በእውነት የሚያርርበት ጊዜ አለ። ፕሮቲን የሚቆርጡት ኢንዛይሞች ከቆሽት የሚወጡት ተኝተው ነው፣ መንቃት ያለባቸው አንጀት ውስጥ ሲደርሱ ነው። የሐሞት ጠጠር መውጫውን ሲዘጋው ወይም አረቄና ሌላ አልኮል ሲበዛ እዚያው ቆሽት ውስጥ ይነቁና የተሸከማቸውን አካል መፍጨት ይጀምራሉ። ሕመሙ ከእምብርት በላይ ይነሣል፣ ወደ ጀርባ ይወጋል፣ ማስታወክ ይከተለዋል፤ ጨጓራ ነው ብሎ ሌሊቱን በሚልክ ኦፍ ማግኒዥያ የሚያሳልፉት ነገር አይደለም። ሆስፒታል ደም ተወስዶ ላይፔዝ ወይም አሚሌዝ ይለካል፤ ከጤነኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ ቆሽቱን ይጠረጥራል።

ወደ ሆድ መንፋት እንመለስ፣ አብዛኛው ሰው የሚቸገረው በእሱ ነውና። በጾም ወራት ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ ባቄላ፣ ንፍሮ ይበዛል። ጥራጥሬ ውስጥ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሉ፤ እነሱን የሚቆርጥ ኢንዛይም ማንም ሰው አንጀቱ ውስጥ አይሠራም። ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ኢንዛይሙ ስላላቸው ይቀራመቷቸዋል፣ ጋዝም ያወጣሉ። ስለዚህ ከባቄላ በኋላ መነፋት በሽታ አይደለም፣ ጉድለትም አይደለም። ጥራጥሬውን አሳድሮ የነከሩበትን ውሃ መድፋት ስኳሮቹን ይቀንሳል። በቆልት ማድረግም እንዲሁ፤ ዘሩ ሲበቅል እነዚህን ስኳሮች ራሱ ይበላቸዋል።

ሌላም አለ። ጥሬ ጥራጥሬ የትራይፕሲንን ሥራ የሚያግዱ ፕሮቲኖች ይዟል። የባቄላና የሽምብራ እሸት አብዝቶ የበላ ልጅ ሆዱን የሚያመው በጋዙ ብቻ ላይሆን ይችላል። እነዚህ አጋጆች በሙቀት ይሞታሉ፤ የሽሮ እህል ከመፈጨቱ በፊት መታመሱ ከጣዕሙ ሌላ ይህም ጥቅም አለው። ደሴ ላይ ግን አንድ ነገር መታወስ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ወደ 94 ይጠጋል። አንድ ዓይነት ባቄላ ኮምቦልቻ ቀድሞ የሚበስለው ለዚህ ነው። ንፍሮው ሲፈላ ታየ ተብሎ አይወርድም፤ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ ይቆይ።

የእውነት ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው አለ ወይ ከተባለ፣ አዎ፣ በወተት በኩል። ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የሚቆርጠው ላክቴዝ ነው፤ ሕፃን ሁሉ ማለት ይቻላል አለው። ጡት ከተጣለ በኋላ ግን ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ በሚሆነው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ የሰው ልጅ ነባር ተፈጥሮ ነው፤ ልዩ የሆነው ዐዋቂ ሆኖም ላክቴዙ የሚቀጥልለት ሰው ነው። ከብት ያረቡ ሕዝቦች ዘንድ ይህን የሚያስቀጥሉ የዘር ለውጦች ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለየብቻ ተነሥተዋል። ከአውሮፓው የተለየ አንድ ለውጥ ጎረቤቶቻችን አፋሮች ዘንድ ተገኝቷል። ባቲ ገበያ የግመል ወተት ይዞ የሚመጣው ሰው ጠዋት ማታ ጠጥቶት ምንም ሳይሆን፣ ደጋ ያደገው ገዢ አንድ ኩባያ ጠጥቶ ሆዱ ቢጮህ የወተቱ ጥፋት አይደለም። የግመል ወተት ላክቶስ የለውም የሚለው ወሬ ግን ልክ አይደለም፤ አለው።

ከ55 ቀን ዐቢይ ጾም በኋላ በፋሲካ ማለዳ ወተት ጠጥቶ ሆዱ የተረበሸ ሰው «በጾሙ ኢንዛይሜ ጠፋ» ሲል ሰምቻለሁ። ላክቴዝ ባለመጠጣት አይጠፋም፣ በመጠጣትም አይጨምርም፤ መጠኑን የሚወስነው ዘር ነው። የሚለዋወጠው የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ልማድ ነው፤ ትንሽ ትንሽ እያሉ ሲያለምዷቸው ይለምዳሉ። ላክቴዙ ያነሰበት ሰውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ አንድ ኩባያ ወተት ከምግብ ጋር ይችላል። እርጎ ይሻለዋል፤ ወተቱን ያረጉት ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን ጨርሰውታል፣ የራሳቸውንም ላክቴዝ ይዘው ይመጣሉ። አይብ ደግሞ ላክቶሱን አብዛኛውን ከአጓቱ ጋር ያፈሰሰ ነው። ቅቤማ ከናካቴው የለውም ማለት ይቻላል። ወተት ከረበሸው ሰው ቤት የሚቀነሰው እንግዲህ ያልረጋው ወተት ብቻ ነው።

እርሾን አልረሳሁም። የጤፍ ብረት ብዙ ነው ይባላል፤ ነገር ግን እህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር ብረቱንና ዚንኩን አስሮ ይይዛል። ሊጡ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም፣ የእህሉም የተሕዋስያኑም፣ ማሠሪያውን ይቆርጠዋል። ጊዜ ለመቆጠብ በአንድ ቀን የሚጋገር አፍለኛ እንጀራ ብዙዎች ይወዱታል፤ በዚህ በኩል ግን የኮመጠጠው ይበልጠዋል።

ኮምቦልቻ ያደገ አንባቢ እነዚህን ኢንዛይሞች ሆዱ ውስጥ ብቻ መፈለግ የለበትም። ከተማዋ ቢራ፣ ጨርቃ ጨርቅና ቆዳ የሚመረትባት ናት፤ ሦስቱም ዘርፎች ኢንዛይም ያውቃሉ። የቢራው ከብቅሉ ነው፣ የጠላው ዘመድ። በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ድሩ በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ በስታርች ይቀባል፤ ጨርቁ ከተሸመነ በኋላ ያንን ስታርች ማስለቀቂያው ያው አሚሌዝ ነው። ቆዳ ፋቂዎች በጥንቱ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ቆዳውን የሚያለሰልሱት በውሻና በርግብ ኩስ ነበር። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ግን ጀርመናዊው ኦቶ ሮም የቆሽት ኢንዛይምን ለዚሁ ሥራ አዋለው፤ የፋብሪካዎቹ ሠራተኞች ምን ያህል እንዳመሰገኑት መገመት አያዳግትም።

ታዲያ የኢንዛይም ክኒን ጨርሶ አይረባም? ይረባል፣ ለሚገባው ሰው። ቆሽቱ በተደጋጋሚ ታምሞ የደከመ ወይም በቀዶ ሕክምና የተወሰደበት ሰው ቅባት አይፈጭለትም፤ ሰገራው ይቀባል፣ ይገማል፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሰውየው እየበላ ይከሳል። ለእሱ የሚታዘዘው የቆሽት ኢንዛይም የጨጓራ አሲድ እንዳያበላሸው በልዩ ሽፋን ተሸፍኖ፣ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው። ወሎ ላይ መነገር ያለበት ነገር አለ፦ ይህ መድኃኒት የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ቀድሞ ማወቅ መብቱ ነው፤ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ወይም ከሸኹ ጋር ይመካከርበት። ስልክ ላይ የሚሸጠው ብልቃጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከፓፓያ፣ ከአናናስና ከሻጋታ የወጡ ኢንዛይሞች ድብልቅ ነው። የፓፓያው ፓፔይን ሥጋ ያለሰልሳል፣ ይህ እውነት ነው፤ ድስቱ ውስጥ። ቆሽቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ከሚበቃው በላይ ኢንዛይም ስለሚያመነጭ መጨመሩ የሚለውጠው ነገር የለም። ለወር የሚከፈለውን ብር ለወተትና ለእንቁላል ቢያውሉት እመርጣለሁ።

ላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚወጣው «ኢንዛይም» ደግሞ የሌላ ወገን ነው፣ ምግብ አይፈጭም። ኤስጂኦቲ እና ኤስጂፒቲ የሚሉት የጉበት ሴሎች ውስጥ የሚሠሩ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ደም ውስጥ የበዙ እንደሆነ ሴሎቹ ተጎድተው አፍስሰዋቸዋል ማለት ነው። ከፍ ማለታቸው የጉዳት ምልክት እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም፤ ቁጥሩን የሚያወርድ ሻይ እየፈለጉ መንከራተትም ጥቅም የለውም። ጥያቄው ጉበቱን ምን ጎዳው ነው፦ የወፍ በሽታ የምንለው ሄፓታይተስ ነው? አልኮል ነው? የስብ ክምችት ነው? የባህል መድኃኒት ነው? የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ ይህን ወረቀት ችላ አይበል፤ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ ሦስቱም ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ ከጠላ፣ ካስታወከ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይሂድ። ኤስጂኦቲ ብቻውን ትንሽ ከፍ ካለ ግን ከጡንቻም ሊመጣ ይችላል፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ከረጢት ሲሸከም የዋለ ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገረው።

አንድ ኢንዛይም ቀረኝ፣ ሲጎድል ሆድ አይነፋም፣ ደም ነው የሚፈርሰው። ጂ6ፒዲ ይባላል፤ ቀይ የደም ሴልን ከኬሚካል ጉዳት ይጠብቃል። ጉድለቱ በዘር የሚወረስ፣ በወንዶች ላይ የሚበረታ ነው፤ በዓለም ላይ 400 ሚሊዮን ያህል ሰው አለበት። ብዙዎቹ አንድ ነገር እስኪነካካቸው ድረስ አያውቁትም። ከሚነካኩት አንዱ ባቄላ ነው፣ በተለይ እሸቱ። ሌላው ፕሪማኪን ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወርድ ሾፌርና ነጋዴ ወባ ሲይዘው፣ ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ከሆነ፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን ለማጥፋት የሚሰጠው እሱ ነው። ጉድለቱ በአገራችን እንደ አንዳንድ የወባ አገሮች የበዛ ባይሆንም፣ ከዚህ በፊት መድኃኒት ወይም ባቄላ ወስዶ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ወይም እንዲህ የሆነ ዘመድ ያለው ሰው ፕሪማኪን ከመጀመሩ በፊት ይናገር፤ ምርመራው ባለበት ቦታም ይመርመር። መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ከገረጣ ወይም ሲቆም ካዞረው ቀሪውን ክኒን ሳይውጥ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።